በሁለት ጎማ ጎጆ የወጡት ወይዘሮ ዳዲ ሂርጳ
(1964 – 2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ዳዲ ሂርጳ ከአባታቸው ከኦቦ ሂርጳ ጉደታ እና ከእናታቸው ከአዴ ወርቅቱ ዱፌራ በመስከረም ወር 1964 ዓ.ም. ከጉደር ከተማ በእግር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ ተወለዱ። ከስድስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። አባታቸው ትንሽ የሚናገሩ፣ የተናገሩት ግን የማይታጠፍ ሰው ነበሩ። ዳዲ ትምህርት ቤት የገቡት ኦቦ ሂርጳ "ይቺ ትማር" ስላሉ ነው። ታናሽ እህታቸው ፀዳለ፣ ይህን የጻፈችው፣ ከአራተኛ ክፍል የቀረችውም እሳቸው "ይቺ ትቅር" ስላሉ ነው። ያኔ ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ማንም ማንንም አልጠየቀም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በጉደር፣ ሁለተኛ ደረጃን በአምቦ ተምረው በ1983 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። ቀጥሎም በእንስሳት ጤና ሠልጥነው በ1986 ዓ.ም. በጉደር ሥራ ጀመሩ። ስለ ከብት ሕልም ስለነበራቸው አይደለም፤ ቦታ የተገኘው እዚያ ስለሆነ ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት ሙሉ ወንዶቹ ገጠር ወጥተው ሲከትቡ፣ እሳቸው ቢሮ ተቀምጠው የተከተበውን ሲመዘግቡ ኖሩ። ከብት የሚያዩት በመስኮት ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም።

በ1988 ዓ.ም. ሽማግሌ ተልኮ መምህር ተሬፋ ጋሮማን አገቡ። መልካም ባል ነበሩ፤ ይህ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ሚልኬሳ እና ለንሳ የሚባሉ ሁለት ልጆች ወልደዋል። መምህር ተሬፋ በ2005 ዓ.ም. በሕመም ሲያርፉ፣ ቤቱን የመጠበቁ ኃላፊነት በታላቅ ወንድማቸው በአቶ ረጋሳ ጋሮማ ላይ ወደቀ። አቶ ረጋሳ ክፉ ሰው አይደሉም። ዛሬም እዚህ መካከላችን አሉ፤ ይስሙ። ግን የወንድማቸውን ቤት ሲጠብቁ ሰዉንም አብረው ቆለፉት። ዳዲ አምቦ እህታቸው ፀዳለ ቤት ለማደር እንኳ ማስፈቀድ ነበረባቸው።

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለጎጆ ከተማ የክትባት ሠራተኛ ተፈለገ። ብርዱን የሚያውቅ ሁሉ ፊቱን አዞረ። ዳዲ ማመልከቻ አስገቡ። እዚህ ላይ ነው የሚያስቀውም የሚያሳዝነውም ነገር የመጣው። የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ወሬውን ገበያ ላይ "ዳዲ ጎጆ ልትወጣ ነው" ብላ አወራችው። በአማርኛ ጎጆ መውጣት ማለት ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሦስተኛው ቀን አቶ ረጋሳ አራት ሽማግሌ ይዘው ከች አሉ።

"ሰውየው ማነው?" አሏቸው አንደኛው ሽማግሌ።

"የቱ ሰውዬ?"

"ጎጆ የምትወጪለት ነዋ! ተሬፋ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው!"

"ኧረ አባቴ፣ ጎጆ ከተማ ናት! ጄልዱ ወረዳ ያለችው! የሥራ ዝውውር ነው!"

ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አቶ ረጋሳ አልሳቁም። "ባል ብታገቢ ይሻል ነበር" አሉ። "ባል ቢያንስ ይጠብቅሻል።"

"ኦቦ ረጋሳ፣ ጠባቂ የሚቆመው ለሚሰረቅ ነገር ነው" አሏቸው ዳዲ። "እኔን በአርባ ሦስት ዓመቴ ማን ይሰርቀኛል?"

ሚልኬሳን ለትምህርቱ አምቦ እህታቸው ዘንድ ትተው፣ ለንሳን ይዘው ሄዱ። እውነቱን ለመናገር እህታቸው ፀዳለም ያን ጊዜ ከእሳቸው ጎን አልቆመችም። "ያምሻል" ብላቸዋለች። በሽታው ግን ያኔ አልነበረም።

ጎጆ እንደገቡ ያገኙት ያው ወንበር ነበር። ገጠር የሚወጣው አቶ ቦንሳ የሚባል የሥራ ባልደረባቸው ሲሆን፣ እሳቸው መዝገብ ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት በጥር ወር ለመስክ ሠራተኞች ሁለት ሞተር ሳይክል መጣ፤ በእኛ አገር አጠራር ዶቅዶቄ። አብሮ የመጣው የስም ዝርዝር ላይ አንደኛው ለኦቦ ቦንሳ፣ ሁለተኛው "ለኦቦ ዳዲ ሂርጳ" ይላል። ዳዲ ለወንድም ለሴትም የሚወጣ ስም ነው። ዝርዝሩን የጻፈው ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ ሞተር የሚነዳ ወንድ ነው ብሎ ለሴት የሚባለውን አዴ ትቶ ለወንድ የሚባለውን ኦቦ ጻፈ።

ዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚይዙት አቶ አሻግሬ በር ላይ ቆመው "ኦቦ ዳዲ! ኦቦ ዳዲ የት አለ?" እያሉ ተጣሩ።

"አለሁ" ብለው ዳዲ ቀረቡ።

"እርስዎን አይደለም እኮ፣ ኦቦውን ነው።"

"ሂርጳ ጉደታ የወለዱት ዳዲ አንድ ነው። እሱም እኔ ነኝ። የት ልፈርም?"

ግቢው በሳቅ ሞላ። ኃላፊው ስሕተት መሆኑን፣ ዝርዝሩ በደብዳቤ እንዲስተካከል እንደሚጻፍ ነገሯቸው። ዳዲም "ይጻፍ፤ እስኪስተካከል ግን ዕቃው በስሜ ነው" ብለው ፈረሙ። መንዳት አይችሉም ነበር። ማስነሳትም አይችሉም ነበር። ያን ሞተር በጭቃ ውስጥ እየገፉ ቤታቸው ወሰዱት። ከኋላ የተከተለው ሕዝብ ብዛት የሠርግ ያህል ነበር ይባላል።

ያስተማራቸው ቦንሳ ነው፤ እግዜር ይስጠው። መጀመሪያ "እማማ፣ ይሄ እንደ በቅሎ ሲደክመው ራሱ አይቆምም" እያለ ቀልዶባቸዋል። ጠዋት ጠዋት ገበያ በማይውልበት ቀን የበግ ተራው ሜዳ ላይ ይወጡ ነበር። ዘጠኝ ጊዜ ወድቀዋል። አንዱ የሰው ድንች ውስጥ ነው። ባለድንቿ ወይዘሮ ዘርፈሽ ተቆጥታ ወጣች፤ የወደቀው ማን እንደሆነ ስታይ ግን "አሹ! ጎበዝ! ተነሺ፣ ድንቹ ይበቅላል!" አለቻቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆኑ። በሚያዝያ ወር አምቦ ሄደው መንጃ ፈቃድ ተፈተኑ፤ ወደቁ፤ በሁለተኛው አለፉ።

በሰኔ 2007 ዓ.ም. የማስተካከያው ደብዳቤ መጣ። ቁልፉን ዓርብ እንዲያስረክቡ ተነገራቸው። ማክሰኞ ማታ በካቺሲ መንገድ ካለ ሩቅ ቀበሌ የበግ ፈንጣጣ መግባቱ ተሰማ። ክረምቱ ከብዷል፣ መኪና አያልፍም፣ የቦንሳ ሞተር ተበላሽቶ ቆሟል። ክትባቱ ደግሞ በረዶው ሳይቀልጥ ካልደረሰ ውኃ ማለት ነው። ሁሉም እርስ በርሱ ሲተያይ ዳዲ የበረዶ ሣጥኑን ከኋላ በጎማ ገመድ ጠፍረው "ቁልፉ እስከ ዓርብ የኔ ነው" ብለው ወጡ።

ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለት ቦታ ሣጥኑን ፈትተው በራሳቸው ተሸክመው አሻግረዋል፤ ተመልሰው ሞተሩን ገፍተዋል። ሲደርሱ በረዶው አልቀለጠም ነበር። በሁለት ቀን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት በግ ከተቡ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከእግር እስከ ራሳቸው ጭቃ ሆነው ቢሮ ገቡና ቁልፉን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ኃላፊው ቁልፉን አዩ፣ ጭቃውን አዩ። "አዴ ዳዲ፣ ያንሱት። ለደብዳቤው እኔ መልስ እጽፋለሁ" አሏቸው። አቶ አሻግሬ ከበር ላይ "እኔ ግን መዝገቤን አልሰርዝም፤ ኦቦ እንደሆኑ ይቅሩ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ዓመት ከሞተር አልወረዱም። በቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ስለ ሱሪያቸው ጠይቋቸው ነበር። "ወንድሜ፣ ሞተር ላይ ቀሚሴን ነፋስ ቢገልጠው ይሻልሃል?" ብለውት ጥያቄው በዚያው ቀረ። ከጎጆ ካቺሲ፣ ከካቺሲ ጎጆ፣ ቅዳሜ ሲሆን ልጅ ለማየት አምቦ፤ ዓመት በዓል ሲሆን ጉደር፣ አቶ ረጋሳ ደጅ ድረስ። ከጊዜ በኋላ የራሳቸውን ሞተር ገዙ። መንገድ በተዘጋባቸውና ሞተር እንዳይንቀሳቀስ በተባለባቸው ወራት ሣጥኑን አንግተው በእግር ሄደዋል፤ ሥራው አልቆመም።

አንድ ቀን እህታቸው "ምን አግኝተሽበት ነው?" ብትላቸው እንዲህ አሏት፦ "ፀዳ፣ ቤት ስሆን የእናት ሐሳብ፣ የመበለት ሐሳብ፣ የሠራተኛ ሐሳብ አስባለሁ። ዳገቱን ወጥቼ ሜዳው ሲገለጥልኝ ግን የዳዲን ሐሳብ አስባለሁ። እስከ አርባ ሦስት ዓመቴ ዳዲ ምን እንደምታስብ አላውቅም ነበር።" ከብት መከተብን የወደዱት ያኔ ነው። በሃያ ዓመት መስኮት ያላገኙትን ሥራ መንገድ ላይ አገኙት።

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ሐኪም ጉበት ነው አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጥራ። ከትናንት ጀምሮ "ያ ዶቅዶቄ በላቸው" የሚል ወሬ በለቅሶ ቤት ይዞራል። ሞተር አልገደላቸውም። የገደላቸው የጉበት ሕመም ነው፤ የሐኪም ወረቀቱ አለ። ሞተሩ ያደረገው ነገር ቢኖር እስከ መስከረም ድረስ ሥራ ማድረሱ ነው።

በኅዳር ወር መንዳት ሲያቅታቸው ቦንሳን "ጫነኝ" ብለው ከኋላው ተቀምጠው ጉደር፣ አቶ ረጋሳ ቤት ሄዱ። ለንሳ በመኪና ተከትላለች። በእኛ ዘንድ ሚስት የምትቀበረው ባሏ ጎን ነው፤ የመምህር ተሬፋ መቃብር አጠገብ ቦታው ከተከለለ ቆይቷል። ዳዲ ቁጭ አሉና እንዲህ አሏቸው፦

"ኦቦ ረጋሳ፣ ወንድምዎን እወደው ነበር። አጠገቡ መተኛቱን ጠልቼ አይደለም። ግን ትምህርቴን አባቴ መረጠ፣ ሥራዬን ክፍት ቦታ መረጠ፣ ትዳሬን ሽማግሌ መረጠ። ጎጆን ራሴ መረጥኩ። ጎጆ ቅበሩኝ።"

አቶ ረጋሳ እሺም እምቢም አላሉም። ዳዲ ይህን ሥጋት ይዘው ነው የተኙት፤ እስከ መጨረሻው "ረጋሳ ምን አለ?" ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ዳዲ ሂርጳ ሐሙስ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አምቦ በእህታቸው ቤት፣ በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ወደ ጌታ ሄዱ። አቶ ረጋሳ በእኩለ ቀን ከጉደር ደረሱ። ቤተሰቡ ምን ይሉ ይሆን ብሎ ጠበቃቸው፤ ፀዳለ ለመጣላት ወገቧን ታጥቃ ነበር። እሳቸው አስከሬኑ አጠገብ ቆሙ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረው፣ "የጎጆ መንገድ ሸካራ ነው፤ ቅዳሜ በማለዳ እንነሳ። ከፊት እኔ እሄዳለሁ" አሉ።

ወይዘሮ ዳዲ ልጆቻቸውን ሚልኬሳ ተሬፋን እና ለንሳ ተሬፋን፣ የልጅ ልጃቸውን አቢጊያ ሚልኬሳን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውን፣ እህታቸውን ፀዳለን፣ የባላቸውን ወንድም አቶ ረጋሳን፣ እንዲሁም ከጎጆ እስከ ካቺሲ ባለው መንገድ ዳር በስማቸው የሚጠሯቸውን ብዙ ገበሬዎች ትተው አልፈዋል።

ዘመዶቻችን፣ በዚህ ብርድ ይህን ሁሉ ዳገት ወጥታችሁ ያሉበት ድረስ ስለመጣችሁ ገለቶማ፣ እናመሰግናለን፤ እግዚአብሔር በሰላም ይመልሳችሁ። እሳቸውን ደግሞ የወደዱት አምላክ ፊቱን ያሳያቸው፤ ልጆቻቸውን ያበርታ። በመረጡት አፈር በሰላም ይረፉ።