በሁለት ድስት መሀል የቀሩት ድመቶች

ለተክልዬ፣ ለማርታ አባት፤

ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ሆነ። ደብዳቤ ያለ ጤና ጥየቃ አይጀመርም እያልክ ትቆጣኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ጤናህ እንዴት ነው ብዬ ልጠይቅህ አፌ አልታዘዝልኝ አለ። ስለዚህ የራሴን ልንገርህ። እኔ አለሁ። አንደኛው ዓይኔ ሞራው ተገፎለት ጥርት አድርጎ ያያል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ስኳሬ እንደ ልማዱ ይወጣል፣ ይወርዳል። የምነግርህ ነገር አለ፤ ዋናው ነገር ላይ እስክደርስ ዙሪያውን እንደምዞር ታውቃለህና ታገሰኝ።

ከቤቱ ልጀምር። ኮምፕሬሰርህን ቡቲዬ ሰፈር ለሚሠራ አንድ ጎሚስታ ሰጠሁት። ዝገት ከሚበላው ብዬ ነው፣ አትቀየመኝ። አሮጌ ጎማዎቹን ግን አንድም አልነካሁ። ማርታ ትንኝ ያራባሉ ጣያቸው ብላ ስንቴ ጨቀጨቀችኝ፤ ድመቶቹ የት ይተኙ ታዲያ አልኳት። መንገዱም አለቀልህ። ያ ጎማ እየበላ እኛን ሲያበላ የኖረው ኮረኮንች እስከ ናይሮቢ ድረስ አስፋልት ሆነ። ብታየው አንድም ትደሰታለህ፣ አንድም እንጀራዬ ተዘጋ ትል ነበር።

አሁን ወደ ድመቶቹ። አደራ ያልከኝን ቀን አልረሳሁም። ትንፋሽህ እያጠረ አንድ ነገር ልትለኝ ስትል፣ ስለ ማርታ ነው ብዬ ጆሮዬን ባስጠጋ ድመቶቹን አልከኝ። ሰባቱንም በየማዕረጋቸው ጠራህልኝ፤ ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ባሻ እያልክ። ወታደርነት ከደምህ አልወጣ ብሎ ግቢው ውስጥ ተራ ድመት አልነበረም። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት ተናደድኩብህ። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬህ ኖሬ የመጨረሻው ቃልህ ስለ ድመት? ቢሆንም እሺ አልኩህ። በእኔ ይሁን፣ አደራህን ተቀብያለሁ አልኩ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ እሺ ስል ቀልዴን አልነበረም።

የቤት ድመት ቢሆኑ ኖሮ እኮ ቀላል ነበር። እነዚህ ከደጃፍ ወዲህ ገብተው የማያውቁ፣ እጅ የማያስነኩ የውጭ ድመቶች ናቸው። ያ ጆሮው የተቀደደው ግራጫ ሻለቃ ብቻ ጎማ ስትለጥፍ እግርህ ሥር ይቀመጥ ነበር፤ እሱም ቢሆን ለእኔ ጀርባውን ነው የሚሰጠኝ። ምን ያደርጉልሃል ስልህ፣ ሠራዊቱ ተበትኖ ድንበሩን የተሻገርክ ጊዜ እዚሁ ድንበር ከተማ አንድ ደጃፍ ላይ ተቀምጠህ የሰው እጅ እንደጠበቅህ ትነግረኝ ነበር። ያን ቀን የማንን ወጥ እንደበላህ አልጠየቅኩህም።

ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ማርታ ከናይሮቢ ደወለች። ለዓይንሽ ሐኪም አግኝቼልሻለሁ፣ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፣ ነይ አለችኝ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ያሰብኩት ዓይኔን አይደለም፤ ማን ያበላቸዋል የሚለውን ነው። ሰው መንገድ ሲሄድ ቁልፉን ለጎረቤት፣ ልጁን ለእህቱ ይሰጣል። የውጭ ድመት ለማን ይሰጣል? ቤት አስገብተህ አትዘጋበት፣ ና ተከተለኝ አትለው።

የማኅበር ጓደኛዬን አልማዝን ለመንኳት። ድመት ስታይ ቀሚሷን ሰብስባ ወንበር ላይ የምትወጣዋ አልማዝ፣ በጸሎት አስባቸዋለሁ አለችኝ። ጸሎት ይበሉ እንዴ!

የቀረኝ የማማ ሐዋ በር ነበር። ሃያ ዓመት በአንድ ግድግዳ ተደግፈን ኖርን፤ እሷ እስላም፣ እኛ ክርስቲያን። ለቅሶውም ሰርጉም አንድ ላይ ነው፣ ሥጋው ብቻ ለየብቻ። ማርታን ስንድር ለእነሱ በራሳቸው ሰው አሳርደን በሌላ ድስት እንዳሠራን ታስታውሳለህ። ታዲያ የእኛን ሥጋ በእጅሽ ያዢና አብያቸው ማለት አፈርኩ። ከድስትሽ ስጪልኝ ማለትም አፈርኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ እንዲህ አደረግኩ። ወዳጅህ ባለ ሥጋ ቤቱ ጋሽ ወርቁ ማታ ማታ ወደ ቤቱ ሲያልፍ ሳንባና ቅንጥብጣቢ በግድግዳው ላይ ወርወር ያደርግላቸዋል፤ ማማ ሐዋ ውኃ ብቻ ትሞላላቸዋለች። የግቢውን ቁልፍ ሰጠኋትና፣ ስለ ምግቡ አንቺ እንዳታስቢ፣ በምንም እንዳትቸገሪ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና እሺ አለች።

ናይሮቢ ስደርስ ሐኪሙ ደሜን አስመርምሮ፣ ስኳርሽ ካልወረደ አልነካሽም አለ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ አራት አለፈ። ማርታ የምትኖረው ኢስሊ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቷን ስትከፍተው የሌላ ሰው መስኮት ታያለህ። በዚህ መሀል ቅበላ ሆነና ሁዳዴ ገባ። እኔ ሽሮዬን እየበላሁ፣ ስግደቴን እየሰገድኩ፣ ጋሽ ወርቁ በጾም ሥጋ ቤቱን ዘግቶ ድንበር ተሻግሮ ሐገረ ማርያም ቤተሰቡ ጋ እንደሚሄድ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም። ሃያ ዓመት ሲዘጋ ያየሁት ሰውዬ! ውኃውን አስቤ ነበር፣ ቁልፉን አስቤ ነበር፤ ጾሙን የረሳሁት እኔ ጿሚዋ ነኝ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ሲሉ እንስቅ ነበር፤ ይኸው እኔ ሳይመነኩሱ አስጾምኳቸው።

ማማ ሐዋ በየጁምዓው ትደውልልኛለች። በጾሙ በሁለተኛው ሳምንት ስትደውል ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ዓይኔ ከተሠራ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ተሸፍኖ ተኝቻለሁ። አማርኛዋ ከኦሮምኛና ከስዋሂሊ ጋር እንደሚደባለቅባት ታውቃለህ፤ ፓካዎቹ ትላቸዋለች ድመቶቹን፣ ፓካዎቹ ግድግዳ ላይ ተደርድረው መንገድ መንገድ ያያሉ፣ አንዳንዶቹም ጠፍተዋል አለችኝ። ጋሽ ወርቁስ? ብላት፣ ከዘጋ አሥር ቀን አለፈው አለች። አሥር ቀን! ታዲያ ምነው አንቺ ከቤትሽ፣ ብዬ ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ቆይታ ስታለቅስ ሰማኋት።

ያን ቀን የነገረችኝን አንተ ታውቀዋለህ፤ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። በየሁዳዴው ድመቶቹን ስታበላ የኖርከው ከእሷ ድስት ነው። እኔ ቅዳሴ ስሄድ በጎማዎቹ ጀርባ፣ በግድግዳው ላይ ትቀበላት ነበር። ዘነቡ እንዳትሰማ ብለህም አስምለሃታል። አይ ተክሌ! ከገዛ ሚስትህ ተደብቀህ! ምክንያቱንም ነገረችኝ። ገና ጎረቤት የሆንን ሰሞን፣ በአንድ ጾም፣ በየዋህነቷ ሥጋ ያለበት አጥንት አምጥታ የድመቶቹ ሳህን ላይ ብትጥል፣ እኔ እሷው እያየችኝ ሳህኑን በአመድ አሽቼ አጠብኩ፣ ደግሜ አጠብኩ፣ ፀሐይ ላይ ደፋሁት። አስታወስኩት። ለጾሙ ብዬ ነው ወይስ ለድስቷ? እሷ ግን ለድስቷ ነው ብላ ወስዳው፣ ሃያ ዓመት አንድ ቀን ሳትወቅሰኝ፣ ሽንኩርት ሲያልቅብኝ በግድግዳው ላይ እያቀበለችኝ ኖረች።

እና ይኼ አንተ የሌለህበት የመጀመሪያው ሁዳዴ ነው። እኔ ስለ ምግቡ እንዳታስቢ ስላት፣ በእሷ ቤት ያልኳት ከድስትሽ እንዳትሰጪብኝ ነው። አሥር ቀን ሙሉ ሥጋ ስትቀቅል መስኮቷን ትዘጋ ነበር፣ ሽታው እንዳይደርሳቸው ብላ። ይኼን ስሰማ መግቢያ አጣሁ። እሷም ክፉ አይደለች፣ እኔም ክፉ አይደለሁ፤ በሁለት ድስት መሀል ሰባት ነፍስ በይሉኝታ ተራበ።

ስጪያቸው አልኳት። ከድስትሽ፣ በእጅሽ፣ አሁኑኑ፣ ስልኩን ሳትዘጊ ስጪያቸው አልኳት። በሩን ስትከፍት፣ ሳህኑ ሲንኳኳ፣ ስትጠራቸው እሰማለሁ። ስንት መጡ? እላለሁ። ሦስት ትላለች። ሻለቃስ? እላለሁ። ይመጣል አለችኝ።

አውቶቡስ ልሳፈር ብዬ ብነሳ ማርታ በር ላይ ቆመች። ሐኪሙ እንዳትጎነበሺ፣ እንዳታለቅሺ፣ መንገድ እንዳትሄጂ ብሎሻል፣ ዓይንሽ ይጠፋል አለችኝ። እንዳታለቅሺ ብሎ ትእዛዝ! ምን ላድርግ፣ ተቀመጥኩ። ምንም ማድረግ የማይችል ሰው ስልክ ይደውላል፤ እኔም በየቀኑ ደወልኩ። ሦስቱ አራት ሆኑ። አራቱ አምስት አልሆኑም። ሻለቃን ስጠይቃት አንድ ቀን ጣሪያ ላይ አየሁት፣ ሌላ ቀን ኦዳ መንገድ ላይ አዩት፣ ወፍሯል አሉ ትለኛለች። ወፍሯል! ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ምን በልቶ ይወፍራል? ግን አመንኳት። ማመን ስለፈለግኩ ነው።

ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ ሆሳዕና ሊደርስ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሰፈራችን ማንያታ ስገባ አራቱ ጎማ ውስጥ ተኝተዋል፤ እንደ ድሯቸው ዘወር ብለውም አላዩኝ። ማማ ሐዋ ሻይ አመጣችልኝ፣ ዓይኔን ወደ ብርሃን አዙራ አየችልኝ፣ አልሐምዱሊላህ አለች። ስለ ሻለቃ አልተነፈሰችም። እኔም መንገድ አድክሞኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ማማ ሐዋ ቆማለች። ከኋላዋ አልማዝ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ከአልማዝ ኋላ ሁለት የሰፈር ሴቶች። በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ከእኛ ወገን ማን ያጣዋል? ማርታ! ብዬ ጮህኩ። ኧረ ማርታስ ደህና ናት ብለው ደግፈው አስቀመጡኝ። ማማ ሐዋ እጄን ያዘችና፣ አልማዝ ያስጠናቻትን ቃል አንድ በአንድ እያወጣች፣ ዘነቡ እህቴ፣ ሻለቃ አርፏል አለችኝ።

መርዶ አረዱኝ፣ ተክልዬ። የድመት መርዶ። ሀበሻ ሞት በስልክ አይነገረውም ብላ፣ ወጉን ከአልማዝ ጠይቃ፣ ሰው ሰብስባ መጣች። ያን ሦስቱ የመጡ ቀን፣ ሳህኑን ይዛ ስትዞር፣ የከባድ መኪናው ጎማ ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘችው፣ ሞቶ። ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነበር። ይመጣል ያለችኝ እያየችው ነው። ዓይኔ እንዳይጠፋ ብላ ይኼን ሁሉ ሳምንት ሞቱን ብቻዋን ተሸከመች። በሻሽዋ ጠቅልላ ግድግዳው ሥር ቀበረችው፣ በእሷ በኩል። ያለ ፈቃድሽ ግቢሽን አልቆፍርም ብዬ ነው አለችኝ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። አልማዝ፣ ያቺ ድመት የምትፈራው፣ ነፍስ ይማር ብላ መልሳ አፏን ስትይዝ ሳቄ መጣ። ከዚያ ግን ለቅሶው ከየት እንደመጣ እንጃ፤ አንተን በቀበርን ቀን ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። ሴቶቹም ዓይንሽን እያሉ አብረውኝ አለቀሱ።

ከሰባቱ አራቱ አሉ። ባሻና መቶ አለቃ ከወጡ አልተመለሱም። በየቀኑ ግድግዳው ላይ ሳህን እያንኳኳሁ እጠራለሁ፤ በተሠራው ዓይኔ እስከ መንገዱ መታጠፊያ አያለሁ፣ የሚመጣ የለም። ከፋሲካ በኋላ ለሁለተኛው ዓይን ተመልሼ እሄዳለሁ። አሁንስ በሰው ፊት፣ በግልጽ ቃል ነገርኳት፤ ጾምም ይሁን ፍስክ ከድስትሽ ስጪልኝ አልኳት። እሺ አለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ለሻለቃ ምን ይረባዋል።

ለምን ስዞር እንደቆየሁ አሁን ገብቶሃል። ለእኔ ማለዳ መጥቶ እጄን የሚይዝ ጎረቤት አለኝ። ለአንተ የለህም። ምናልባት እሱ ራሱ ካለህበት ደርሶ እግርህ ሥር ተቀምጦ ይሆናል፤ ቄሱን እንዳልጠይቅ አፈርኩ። ግን ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ስማው። ተክልዬ፣ ቁጭ በል። ሻለቃ አርፏል። በርሃብ ነው ያረፈው፣ በእኔ አደራ ላይ እያለ። ስምህን ባነሳሁ ቁጥር የእሱንም አነሳለሁ፣ በምን እንደሞተም ሳላሳምር እናገራለሁ።

ያንተዋ ዘነቡ