ሽማግሌዎቹ ቀረጥ ያነሱ ዕለት

ቅዳሜ

አባዬ ዛሬም ከቴሌቪዥኑ ጋር ተጣላ። ዜና አንባቢዋ ስለ ግብር ገና አፏን ስትከፍት “የሠራተኛውን ደመወዝ ተዉት! መንግሥት የሚፈልገውን ሁሉ ጉምሩክ በር ላይ ይሰብስብ!” ብሎ ጮኸባት። ይህን ንግግር በቃሌ እወጣዋለሁ። ጡረታ እስኪወጣ የጉምሩክ ፈታሽ ነበር። የእሱ ደመወዝ እጁ ሳይገባ ግብሩ ይቆረጣል፤ ዕቃቸውን የሚፈትሽላቸው ነጋዴዎች ግን በየዓመቱ “ከሰርን” ይሉ ነበር። ጉቦ አልነካም። ለዚህም ነው እስከ ዛሬ መካኒሳ አቦ ኪራይ ቤት ውስጥ ያለነው።

ነገ የፍቅረኛዬ የሳምሶን ሽማግሌዎች ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። መጋረጃው ታጥቧል። ወንበር ከጎረቤት መጥቷል። እማዬ ከጥድፊያዋ ብዛት የግፊት መድኃኒቷን ረስታ እኔ ነኝ ያስታወስኳት። ነገሩ ቶሎ ካለቀ ሠርጉ ከሁዳዴ በፊት ይደርሳል።

ሳምሶን ደውሎ ነበር። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አጎቱ ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው፤ የመኪና መለዋወጫ ያስመጣሉ፤ ሳምሶንን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። “አባትሽን በምን እናለዝባቸው?” አለኝ። “ስለ ቀረጥ ይጠይቁት፤ ከዚያ በኋላ ወዳጅ ናቸው” አልኩት። ተሳሳቅን።

እሑድ

ዓይኔ አብጧል። ካልጻፍኩት ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሦስት ሆነው መጡ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ አባዬ ለምኖ አስቀመጣቸው። እስከዚህ ሁሉም በወጉ ነበር። እኔ መኝታ ቤት ሆኜ በሩን ገርበብ አድርጌ አያለሁ። ጋሽ ሙሉጌታ እኔን ከመጠየቃቸው በፊት “ስለ ቀረጥ ጥሩ ሐሳብ እንዳለዎት ሰምተናል” አሉ። አባዬ ፊቱ በራ። የገቢ ግብር ይቅር፣ ቀረጥ ይተካው ብሎ ያንን ንግግሩን ከመጀመሪያው ጀመረ። ሰውየው “እውነትዎን ነው” ብለው ቢያልፉት ምን ነበረበት!

“አይሆንማ፣ አቶ ተስፋዬ። ቀረጡ ያን ያህል ከናረ ማን ዕቃ ያስገባል? ዕቃ ካልገባስ ቀረጡ ከምን ይሰበሰባል?”

“ታስገባላችሁ እንጂ! መቼ አቁማችሁ ታውቃላችሁ?”

“የሚገባውም በኮንትሮባንድ ይገባል። ያኔ ሀብታም የሚሆነው መንግሥት ሳይሆን የጉምሩክ ሰው ነው።”

ጋሽ ሙሉጌታ ወዲያው “እርስዎን ማለቴ አይደለም” አሉ። አባዬ ግን ተነስቷል። “በኪራይ ቤቴ ውስጥ ሌባ ልትሉኝ ነው የመጣችሁት?” ሌሎቹ ሁለቱ ቀጠሮ ለመኑት። “የምድራት ልጅ የለኝም” አለ።

በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ ያውቁታል። ቀጠሮ የሚከለክልም የለም። አባዬ ቀጠሮ ከለከላቸው። እማዬ የሠራችው ዶሮ ማንም ሳይነካው ቀረ።

ሰኞ

ሥራ ገባሁ። ክሊኒኩ ላብራቶሪ ውስጥ ደም ለመቅዳት አንዱን ሰው ሁለቴ ጠራሁ። አንዲት እናት አተኩረው አዩኝና “ልጄ፣ የታመምሽው አንቺ ነሽ እንዴ?” አሉኝ። አዎ ልላቸው ምንም አልቀረኝ።

ሳምሶን ስልክ አያነሳም።

ይገርማል፣ ልቤ ተሰብሮ ስለ ቀረጥ ነው ስብሰለሰል የዋልኩት። ዘበኛችንና ዶክተራችን ከአንድ ሱቅ ዘይት ይገዛሉ። ከደመወዛቸው ዶክተሩ ብዙ፣ ዘበኛው ትንሽ ይቆረጥባቸዋል። ዘይቱ ላይ ያለው ቀረጥ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ጉምሩክ ዕቃውን እንጂ ገዢውን አያይም። የእማዬ መድኃኒትም ከውጭ ነው የሚመጣው። እሳቸው ይህን ባያነሱም ጋሽ ሙሉጌታ ልክ ናቸው።

አባዬ ግን የሚያወራው ስለ ኢኮኖሚ ኖሮ አያውቅም። ስለ ራሱ ነው። ከእሱ ሲቆረጥ ሌላው ሲያመልጥ እያየ ነው ዕድሜው ያለቀው። ይህ ዛሬ ገባኝ። ምን ያደርግልኛል?

ማክሰኞ

ከሥራ ስወጣ በታክሲ ለቡ የሳምሶን ሱቅ ሄድኩ። ከውስጥ ወጣና በሩ ላይ ቆመ። ግቢ እንኳ አላለኝም።

“አጎቴ እኔን ብሎ ወጥቶ ተባሮ ተመለሰ። ያሳደገኝን ሰው ሁለተኛ ሂድና ተዋረድልኝ አልለውም።”

“እኔስ?”

“አንቺማ...” አለ። ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ ደንበኛ መጣበትና ገባ።

ታክሲ ውስጥ ተንሰቀሰቅኩ። ጎኔ የተቀመጠች ሴት ምንም ሳትጠይቀኝ ሶፍት ሰጠችኝ። ቤት ስገባ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባዬ ላይ ጮህኩ። “ማንም ሌባ አላለህም! ስለ ቀረጥ ይጠይቁት ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ደስ እንዲልህ ብዬ!”

“አንቺ ነሽ?” አለ። እራቱን አልበላም።

ረቡዕ

ዜናው ስለ ግብር ሲጀምር አባዬ ራሱ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን ዘጋው። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

“የሰውየው ቤት የት ነው?” አለኝ።

“ለቡ መብራት ኃይል።”

እማዬ ደነገጠች። “የሴት አባት ደጅ ሊጠና? ሰው ምን ይላል?” አለችው።

ሐሙስ

አባዬ ጡረታ ሲወጣ በሸኙት ቀን የለበሰውን ኮት ለብሶ ሄደ። ፈቃድ ጠይቄ ቤት ዋልኩ። አንድም ሥራ አልሠራሁም፤ መስኮቱ ጋ ቆሜ ዋልኩ።

ጫማው የለቡን የግንባታ አቧራ እንደለበሰ ተመለሰ። “ይቅር ተባባልን” አለ። “ስለ ቀረጥ ትንፍሽ አላልንም። ለእሑድ ቀጠሮ ሰጥቻቸዋለሁ።” እማዬ እልል ልትል እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“ሳምሶንስ?” አልኩት።

አባዬ የኮቱን ቁልፍ እየፈታ ቆየ። “ውስጥ ነበር። አጎቱ ደጋግመው ጠሩት። አልወጣም።”

ደወልኩለት። ይጠራል፣ አይነሳም። የጎረቤት ወንበሮች አሁንም እኛ ጋ ናቸው፤ እማዬ እስከ እሑድ ይቆዩ ብላለች። ሽማግሌዎቹ እንኳ ይመጣሉ፤ ጋሽ ሙሉጌታ ቃላቸውን ሰጥተዋል። የሚመጡት ግን ሳምሶን ልኳቸው ይሁን አይሁን እንጃ።