አባትህ በሳይክል ሆለታ ይሄዳል

ልጄ ሚሊዮን፣ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ባለህበት ይጠብቅህ፤ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ። እኛ ደህና ነን። ዓለም ባንክ ሰፈር ያለችው አክስትህ ገነት ቤቷን አድሳ ጨረሰች። የእኔም ጉልበት ቀለል ብሎልኛል።

ግራ ያጋባኝ አባትህ ነው። አጎትህ ይገዙ ካረፈ ወዲህ ከቤት እንደማይወጣ ታውቃለህ። አሁን የሳይክል ማኅበር ገብቶ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጎረምሶች ጋር ሆለታ ድረስ ይነዳል። «እዚያ ምን አለህ?» ስለው፣ «ምንም፤ ቀስ ብለን ሄደን ቀስ ብለን እንመለሳለን» ይለኛል። መኪና ቢገጨውስ? ደግሞ በዚህ ዕድሜው ያን የተጣበቀ ቁምጣ ለብሶ!

ባለፈው እሑድ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ሌላ ነገር ጠርጥሬ በታክሲ ተከተልኩት። መናገሻ ስደርስ መንገድ ዳር ዛፍ ሥር አረፍ ብለዋል። አባትህ ስለ ይገዙ እያወራ ያለቅሳል፤ ጎረምሶቹ ያዳምጡታል። በቀብሩ ቀን እንባ ያልወጣው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የወንድሙን ስም በፊቴ ያላነሳ ሰው ነው። ሲያየኝ ደንግጦ ፊቱን ጠረገና፣ «ነይ ወለተጻድቅ፣ ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ። እሱ ግን ወሬውን አልቀጠለም።

ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን፣ እስካሁን አላወቅኩም። ልጄ፣ ስትደውልለት እባክህ ስለ አጎትህ አንሳለት። እኔ ማድ ቤት ሆኜ እሰማለሁ።

ዕድሜህን ያርዝመው፤ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

እናትህ ወለተጻድቅ