ሰው እንዳይደክም ሲሉ ሕመማቸውን የደበቁት የአቶ ማሩ አያልነህ የሕይወት ታሪክ

አቶ ማሩ አያልነህ ከአባታቸው ከአቶ አያልነህ ደረሰና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና ዳኘው በ1908 ዓ.ም. ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል ተወለዱ። በደብሩ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ዲያቆን ይሆናሉ ሲባል ድምፃቸው እምቢ ቢላቸው ወደ እርሻውና ወደ ከብቱ ተመለሱ። በ1931 ዓ.ም. ከወይዘሮ ስንዱ ማናዬ ጋር ተጋብተው ሸዋነሽን፣ ትሁንንና አድማሴን ወለዱ።

ክረምት ሜዳው ላይ ውኃ ሲተኛ በበቅሎ መቀመጥ ያቃተው በሽተኛ ወረታ ከተማ የሚደርሰው በሰው ትከሻ ነው። አቶ ማሩ ቃሬዛ ሲነሣ ቀርተው አያውቁም። በ1954 ዓ.ም. ምጥ የጠናባቸውን ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ታይቱን ተሸክመው ሲሄዱ ጭቃው አዳልጧቸው ትከሻቸው ወለቀ። እናትም ልጅም ተረፉ፤ የእርሳቸው ትከሻ ግን ወጌሻ ቢያሸውም እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ባለፈው ሐምሌ፣ በ1959 ዓ.ም.፣ የወፍ በሽታ ያዛቸውና ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። በበቅሎ ወረታ ወርደው የጤና ጣቢያውን ድሬሰር አዩ። ድሬሰሩም ጉበታቸው ክፉኛ መጎዳቱን፣ ጉበት እንዲህ ሲታመም ኩላሊትንም ይዞ እንደሚወድቅ ነግረው፣ ሽንታቸው ካነሰ ሳይውል ሳያድር ጎንደር ሐኪም ቤት ይወሰዱ ብለው አስጠነቀቁ።

ከዚያ ወዲህ እኛ ጎረቤቶቻቸው ሁላችን የምናየው የዓይናቸውን ቢጫነት ብቻ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ስለ ሽንታቸው በጠየቋቸው ቁጥር «ደኅና ነው» ይላሉ። ዱላቸውን ተመርኩዘው ወደ ጓሮ ይወጣሉ፤ ጥቂት ቆመው ይመለሳሉ። ለካስ ሽንቱ ቆሟል። እግርና ፊታቸው አብጦ፣ ነገር መዘባረቅ ሲጀምሩ ባለቤታቸው በጥያቄ አጥብቀው ያዟቸው። በመጨረሻ «በዚህ ጭቃ ሰው አታድክሚ ብዬ ነው እንጂ፣ ከቆመ ሰንብቷል» አሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተው ያደጉ ሰው፣ ሲያውቁት ይህን አደረጉ።

ጎረቤቱ አንድ ሳይቀር ወጣ። ቃሬዛው ከመኪናው መንገድ ሳይደርስ፣ ነሐሴ 9 ቀን፣ በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ዐረፉ። ተሸካሚዎቹም በዚያው ጭቃ ወደ ቁሐር ሚካኤል ይዘዋቸው ተመለሱ። ባለቤታቸውና ሦስቱ ልጆቻቸው ከቃሬዛው ኋላ ነበሩ።

ለወይዘሮ ስንዱና ለልጆቹ እግዚአብሔር መጽናናትን ይስጥልን፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

አያ ማሩ፣ እውነት ነው ደክሞናል። ቀድመው ቢነግሩን ኖሮ ግን ጎንደር ድረስ በደከምንልዎ።