ሐይቁ መቼ ደረቀ?

ሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬም ጭቃ። ከደረቀው ሐይቅ ወለል ተቆፍሮ የመጣውን አዲሱን የጭቃ ቱቦ ለሁለት ሰነጠቅኩት፤ ክፍሉ በሙሉ የበሰበሰ እንቁላል ሸተተ። የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ አፍንጫዋን ይዛ፣ "እትዬ፣ ይሄን ነገር ለምን አይደፉትም?"

"የአስራ ሦስት ሺህ ዓመት ሐይቅ ነው።"

"እስካሁን ሳይደፋ!"

ማታ ባሌ ሸሚዜን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ከመኝታ ቤት አስወጣው። ጥርስ ሐኪም ነው እኮ! ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲጎረጉር ውሎ ጭቃ ይጸየፋል...

ሐሙስ፣ ጥር 9

የዕድሜ ምርመራው ውጤት መጣ። ሐይቄ የደረቀው የዓለም ሰሜኑ ክፍል በድንገት ከመቀዝቀዙ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ ነው። ይመስላል ልበል... የልኬቱ ስህተት ወዲያም ወዲህም እስከ ሦስት መቶ ዓመት ይደርሳል፤ ተከትሎም ሊሆን ይችላል። ግን ሁሉም "ሰሜኑ ቀዘቀዘ፣ ሐሩሩ ተከተለ" ሲል ነው የኖረው። ባይሆንስ? መጀመሪያ የተናጋው ሐሩሩ፣ የምድር ወገብ አካባቢ፣ የኛው ሙቅ ባሕር፣ የኛው ዝናብ ቢሆንስ? ቁጥሮቹን ደግሜ አሰላኋቸው።

ዓርብ፣ ጥር 10

ለቆፈን አሳየሁት። አለቃችን ዕድሜውን የፈጀው በረዶ ሲያጠና ነው፤ ስሙንም ያወጣንለት ለዚሁ። ብስኩት እያኘከ አየው። ፍርፋሪው ወረቀቴ ላይ ረገፈ፤ በጣቱ ጠርጎ መልሶ ጎረሰው። ቀፈፈኝ።

"ልጄ፣ ሐሩር ጭራ ነው። ጭንቅላቱ ሰሜን ነው።"

"ስህተቱንም ጽፌዋለሁ፤ ምናልባት..."

"ስህተት ካለማ ምን ቸገረሽ? ሳብ አድርጊና ከሰሜኑ ኋላ አስቀምጪው። ውልሽ የሚታደሰው በመጋቢት አይደል?"

ፈገግ አለ። ጥርሱ ላይ ብስኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

ለባሌ ነገርኩት። "ከአስራ ሦስት ሺህ ዓመት ላይ ሦስት መቶ ምን አላት? ሞረድ አድርጊያትና ትለፍ።"

ሞረድ! ሐይቁ ጥርስ መሰለው እንዴ?

"ልጆች አሉን እኮ" አለ ቀጥሎ። እውነቱን ነው። ያናደደኝም እሱ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 27

ባለፈው ሳምንት ለቆፈን "አልስብም" አልኩት። "አስቢበት" ብቻ ብሎኝ ነበር። አምስት ቀን ታምሜ ዛሬ ስመለስ ቱቦዎቼን ከቀዝቃዛው ክፍል አውጥተው ኮሪደር ላይ ደርድረዋቸዋል። ለበረዶው ናሙና ቦታ ጠቦ ነው አሉ። ሁለቱ ሻግተዋል... አረንጓዴ ጸጉር አብቅለው። ሁሉም "አላየሁም" ይላል። በላያቸው ላይ ሲራመዱ ከርመው!

ረቡዕ፣ የካቲት 6

እንግዳ መጣች። የሐሩር ባሕሮችን የምታጠና ትልቅ ተመራማሪ ናት፤ ብዙ ገንዘብ ያለው ፕሮጀክት ይዛ አጋር ትፈልጋለች ይባላል። ቆፈን እየተሽቆጠቆጠ ክፍሌ ድረስ አመጣት። ትከሻዬን አቅፎ፣ "እኔ ድሮም ብያለሁ፣ ሞተሩ ሐሩር ነው!"

ድሮም!!

እሷ ስትወጣ ጠጋ ብሎ፣ "ያንን የስህተት መስመር ከግራፉ ሥዕል ላይ አጥፊልኝ። ሐሩሩ ቀደመ በይ፣ አለቀ።"

ያኔ ወደ ኋላ ሳቢ፣ ዛሬ ወደፊት ግፊ... ሐይቅ ነው ወይስ ጋሪ? አላጠፋሁም። የታቀፍኩበትን ሹራብ ቤት ስገባ አውልቄ ዘፈዘፍኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 15

ጉባኤው። እሱ ነው ያቀረበው። ሐይቁ የኔ፣ ሥዕሉ የኔ፣ ስህተቱ ተፍቋል። "ሐሩሩ ጀመረው!" ጭብጨባ... እኔን ሊያደርሰኝ የመጣው ባሌም ከኋላ ተቀምጧል፤ ያጨበጭባል። እጄን አወጣሁ።

"ጭቃውን ያጠናሁት እኔ ነኝ። ሥዕሉ ላይ የሦስት መቶ ዓመት ስህተት ነበር፤ ዛሬ የለም። ከዚህ ጭቃ ብቻ ማን እንደጀመረው አይታወቅም። በጥር ደግሞ ሐሩሩ ተከተለ እንድል ታዝዤ ነበር።"

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ።

"ልጃችን ደክሟታል" ብሎ ሳቀ ቆፈን። አጅበው የሳቁለትን አውቃቸዋለሁ፤ ማታ ማታ እሱን የሚያሙት ናቸው። ከሱ የባሰ እነሱ አቅለሸለሹኝ። እንግዳዋ አልሳቀችም፤ አንገቷን ደፋች።

መኪና ውስጥ ባሌ ሬዲዮ ከፈተ።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ውሌ አልታደሰም። ደብዳቤው ላይ ቆፈን "መልካም ዕድል" ብሎ ፈርሟል። ቱ!

እሑድ፣ መጋቢት 22

በሳምንት ሁለት ቀን ሌላ ኮሌጅ አስተምራለሁ። የተረፉትን ቱቦዎች እነሱ ተቀብለውልኛል። እንግዳዋ ፕሮጀክቷን ይዛ ሄደች፤ ለሱም አልሰጠች፣ ለኔም። ቆፈን በሬዲዮ ስለ ሐሩር ሲያወራ ሰማሁት... ዘጋሁት።

ዛሬ ምሳ ላይ ባሌ ማንኪያውን አስቀመጠ። "እኔ የምልሽ... ሐይቁ ሲደርቅ ዳርቻው ላይ ሰው ነበር?"

ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ አያውቅም።

ሳይኖር አይቀርም አልኩት። ዝናቡ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው የጠፋው፤ አባት ዓሣ ያጠመደበት ቦታ ላይ ልጁ አቧራ ነው ያየው። ሳወራ ሾርባው ቀዘቀዘ። ልጆቹ ተነስተው ሄዱ፤ እሱ አልተነሳም።

"ታዲያ ማን ጀመረው? ሰሜኑ ወይስ ሐሩሩ?"

"አላውቅም።"

ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"እንዴት ነው የሚታወቀው?" አለኝ።

ወንበሬን ወደሱ አስጠጋሁ።