ከፎቶው የተቆረጠ ጠርሙስ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 26

የፀደይ እሽቅድምድም ተጀመረ። ፈረሶቹን ሌሎች ፎቶ ያነሳሉ፣ እኔ ሰዎቹን። ዐሥራ አንደኛ ዓመቴ።

ሙቀት፣ ርካሽ ወይን፣ ረጅም ተረከዝ፣ እርጥብ ሣር... ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? እስከ ሰባት ሰዓት ሁሉም ልዕልት ናት። ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ሰዓት ነው።

አንድ ወፍራም ሰውዬ ሐምራዊ ሱፍ ግጥም አድርጎ ለብሶ ጎንበስ ሲል ሱሪው ከኋላ ተተረተረ። "ሱፉ በቃኝ ብሎ ሄደ" ብዬ ከፎቶው ሥር ጻፍኩ። ጋቪን በስልክ ሲስቅ ትን አለው። የምሠራበት ድረ ገጽ አዘጋጅ ነው፤ ከቢሮው ወጥቶ አያውቅም።

"ስቱ፣ አንተ እኮ ጨካኝ ነህ።"

"ምን ላድርግ፣ ራሳቸው ናቸው።"

"አውቃለሁ። ሌላ ላክ።"

አንዲት ሴትዮ ሳነሳት አየችኝ። ምንድነው የምታነሳው አለች። ባርኔጣሽን፣ በጣም ያምራል አልኳት። ደስ አላት። ነካ ነካ አድርጋ አስተካክላው ቀጥ ብላ ቆመችልኝ። "ወፏ ጎጆዋን ረስታ በረረች" የሚለው የሷ ነው። ስሄድ ደግሞ አመሰገነችኝ...

ሰው ይወቅሰኛል። እኔ ማንን ጣልኩ? ማንን አጠጣሁ? እንዲያውም የወደቀ አነሳለሁ። በካሜራ።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9

ካራንጋ። ከሜልበርን ሁለት ሰዓት ተኩል ነድቼ ሄድኩ። የገጠር ዋንጫ ሁልጊዜ ይሻላል፤ ሰዉ ካሜራ አልለመደም።

የዛሬዋ ግን... እንዲህ ያለች አግኝቼ አላውቅም።

ሃምሳ የሚጠጋት ሴት። ቢጫ ቀሚስ፣ ቢጫ ባርኔጣ፣ ቢጫ ጫማ። እንደ ሙዝ። መጀመሪያ ሜዳው ዳር ቆማ ለፈረሶቹ ስታጨበጭብ አነሳኋት። ደህና ነበረች፣ ምንም አትረባም። በኋላ ከድንኳኖቹ ጀርባ አጥር ይዛ አገኘኋት። አንድ ጫማዋ የለም። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ለመራመድ ስትሞክር ቀኝ እግሯ አልታዘዝም አላት፤ ሣሩ ላይ ዘፍ አለች። ለሃጯ በአገጯ ወረደ።

ጎረምሶች ተሰበሰቡ። ልትነሳ በሞከረች ቁጥር "አንድ! ሁለት! ሦስት!" እያሉ ይቆጥራሉ። ሰባተኛው ላይ ተወችው።

ግራ እጇን ወደኔ ዘረጋች። "ብፍ... ብፍ..." የሚል ነገር አለች። "አንድ ብርጭቆ ድገሙኝ እያለች ነው" አልኩ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

አርባ አንድ ፎቶ። መኪና ውስጥ ሆኜ ምርጡን ላክሁ። ጭኗ ላይ የውኃ ጠርሙስ ነበር፤ ቆረጥኩት። ውኃ ጨዋታ ያበላሻል። ከሥሩ "ግማሽ ፊቷ ቀድሞ ወደ ቤት ገብቷል" አልኩ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ወጣ። ቤት ሳልደርስ አገር ምድሩ አይቶታል።


እሑድ፣ ኖቬምበር 10

ሁለት ሚሊዮን ሰው። "ቢጫዋ እመቤት" ብለዋታል። አንዱ ካኔተራ ላይ አትሞ እየሸጣት ነው። አንዱ ደግሞ ምስሏን በኮምፒውተር ቆርጦ ከመርከብ ላይ ጥሏታል፣ ከጨረቃ ላይ ጥሏታል...

ጋቪን፦ "የዓመቱ ፎቶ ነው። እናትህ ብታይህ ትኮራብህ ነበር።"

እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳን ፎቶ መነሳት የማትወድ ሴት ነበረች። ግን ገባኝ ማለት የፈለገው።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 13

ዝናብ። ሥራ የለም። ቢጫዋ አሁንም አንደኛ ናት።


ዓርብ፣ ኖቬምበር 15

የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ሴት ናት። ድምጿ ረጋ ያለ።

"ቢጫ የለበሰችውን ሴት ያነሱት እርስዎ ነዎት?"

"ማን ልበል?"

"ኔሪዳ እባላለሁ። እኅቷ ነኝ። የኮራሊ።"

ኮራሊ... ልትከሰኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማንንም ሰው ማንሳት ይፈቀዳል፣ ምናምን። በቃሌ ነው የማውቀው። ሳልጨርስ አቋረጠችኝ።

"ልከስዎት አይደለም። ሰዓቱን እንዲነግሩኝ ነው።"

"የምን ሰዓት?"

"ስትሮክ ነው የመታት። እዚያው ሜዳ ላይ።"

ቀጥላ የነገረችኝን እንዳለ ልጻፈው። አብረው ነበሩ። ሰባት ሰዓት ላይ በሰዉ መሃል ተጠፋፉ። ኔሪዳ እኅቷ በአውቶቡስ ወደ ቤት የሄደች መሰላት። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሜዳው ጽዳት ሠራተኞች አጥሩ ሥር አገኟት። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሐኪም ቤት ገባች። እዚያ አንዷ ነርስ ስልኳ ላይ ቀድማ አይታታለች። "ይቺማ ቢጫዋ ናት፣ ስካሯ ይብረድላት" ብለው ኮሪደር ላይ አስተኟት። ደሟ ሲመረመር አልኮል የሚባል የለበትም። ያኔ ተሯሯጡ። የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፣ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ካልተሰጠ ግን አይሰጥም። መቼ ጀመራት ብለው ጠየቁ። የሚያውቅ ጠፋ። ደህና ሆና የታየችው ሰባት ሰዓት ላይ ነው፣ አለፈ አሉ።

"ካሜራዎ ሰዓት ይመዘግባል አይደል? አሁን ለሷ አይጠቅማትም፣ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።"

አያለሁ ብዬ ዘጋሁ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ነው የወጣው። እሷ እስከ ዐሥራ አንድ እዚያው ነበረች። እያሳቅኩባት... እዚያው ነበረች?


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16

ጠዋት አርባ አንዱንም ከፍቼ አየሁ።

ስምንት ከዐሥር፦ ታጨበጭባለች። ሁለቱም እጆቿ ይሠራሉ። ስምንት ከሠላሳ አንድ፦ አጥሩን ይዛለች፣ አፏ ተጣሟል። ስምንት ከሃምሳ ሦስት፦ የመጨረሻዋ።

ሰዓቱን ቢያውቁት ኖሮ መድኃኒቱ ይደርስላት ነበር። ደጋግሜ ቆጠርኩት። ይደርስላት ነበር።

ጋቪን ጋ ደወልኩ።

"ፎቶዎቹ የድርጅቱ ናቸው። አትመልስላት" አለ።

"ሰዓቱን ብቻ ነው የጠየቀችው።"

"ዛሬ ሰዓት፣ ነገ ጠበቃ። አንተ ሐኪም ነህ እንዴ? የሰከረ ሰው አየህ፣ የሰከረ ሰው አነሳህ።"

እውነቱን ነው... ሐኪም ነኝ እንዴ? እዚያ ስንት ሰው ነበር። ጎረምሶቹስ?

ግን እጇን የዘረጋችው ለነሱ አልነበረም።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19

ኔሪዳ ደወለች። የካሜራዬ ሰዓት ተዛብቶ ነበር፣ አይታመንም አልኳት።

"እሺ፣ አመሰግናለሁ" አለች።

እንዲህ ቀላል ይሆናል አላልኩም ነበር።


ዓርብ፣ ኖቬምበር 22

ቢሮው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አጭር ሴት፣ የፖስታ ቤት ደንብ ልብስ ለብሳለች። በመጀመሪያ እይታ "ደብዳቤው ራሱ ተራምዶ መጣ" የሚል ነገር መጣልኝ። አእምሮዬ እንዲህ ነው። አላርፍም ይላል።

"ካሜራው ተዛብቶ ነበር ብለውኛል" አለች። "ድረ ገጹ ላይ የሷ ፎቶ ሰዓት የለውም፣ ሌሎች ፎቶዎችዎ ግን አላቸው። ከሰዎቹ ኋላ የሚታዩት፣ በስምንት ሰዓት የሮጡት ፈረሶች ስምንት ሰዓት ላይ ነው ያሉት። ያልተዛባው ለፈረሶቹ ብቻ ነው?"

የካሜራዬን ማንገቻ አስተካከልኩ።

"እኅቴ ሦስት ዓመት ሙሉ መጠጥ በአፏ አልዞረም። ድሮ ትጠጣ ነበር፣ አልዋሽዎትም። ልጇ ሌይተን እንደገና ከጠጣሽ ዓይኔን አታዪውም ብሏት ነበር። ይኸው አላየችውም። የደም ምርመራውን አሳየሁት። ወረቀት ሰው ይጽፈዋል፣ ፎቶ ግን አይዋሽም አለኝ። እሷ ደግሞ መናገር አትችል፣ አልጠጣሁም አትለው..."

"ምን እንዳደርግ ነው የምትፈልጊው?"

"እኅቴ ይዛው የነበረው ምንድነው? ጭኗ ላይ የሆነ ነገር ጫፍ ይታያል። ቆርጠኸዋል።"

እርስዎ ማለቱን ያኔ ነው የተወችው። ልብ ብዬዋለሁ።

"ውኃ ነው" አልኩ።

ተቀመጠች። መንገዱ ጠርዝ ላይ፣ ቁጭ።

"ምን ያህል ትርቅህ ነበር?"

"ዐሥር፣ ዐሥራ ሁለት እርምጃ።"

"ስንት ደቂቃ?"

"ሃያ ሁለት።"

"ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አነሳሃት" አለች ወደ መሬት እያየች። "አንድ ሰው ግን አላነሳትም።"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ለሚጮህ ሰው መልስ አላጣም።

አርባ አንዱንም እልክልሻለሁ አልኳት። ሳይቆረጡ፣ ከነሰዓታቸው። "ራስህ አምጣላት" አለችኝ። "በፖስታ አልቀበልም። ፖስታ እኔ ነኝ የማድለው።"


እሑድ፣ ኖቬምበር 24

ሄድኩ። ካራንጋ አጠገብ ያለ የማገገሚያ ቤት። ኮሪደሩ የተቀቀለ ጎመን ይሸታል።

ኮራሊ መስኮት ዳር ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናት። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ትራስ ተደርጎለት ተቀምጧል፣ የሰው ዕቃ ይመስል። የምታወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "ሐሙስ"። ለውኃም ሐሙስ፣ ለሽንት ቤትም ሐሙስ። ኔሪዳ ድምጿን ሰምታ ትለያለች።

ሳያት ጭንቅላቴ ወዲያው ጽሑፍ ፈለገ። አገኘም። እዚህ አልጽፈውም። ግን አገኘ...

ኔሪዳ አስተዋወቀችን። "ፎቶ አንሺው ነው" አለች፣ ቧንቧ ሠራተኛ እንደምታስተዋውቅ ሁሉ።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በግራ እጇ ገለበጠች። አልቸኮለችም። የምታጨበጭበው ላይ ቆየች። አጥሩ ላይ ቆየች። እጇን የዘረጋችው ላይ ስትደርስ ፎቶውን ትታ እኔን አየችኝ።

"ይቅርታ" አልኩ። "የሰከርሽ መስሎኝ ነበር።"

ራሷን ነቀነቀች። አይደለም፣ ማለቷ ነው። አልመሰለህም። ወይም እኔ ነኝ እንዲያ የተረዳሁት። እውነት መስሎኝ ነበር? ወይስ እንዲመስለኝ ፈልጌ ነው? ጠርሙሱን አይቼዋለሁ። አይቼው ነው የቆረጥኩት።

"ሐሙስ" አለችኝ። ቀስ ብላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። "ሐሙስ፣ ሐሙስ፣ ሐሙስ።"

ወደ ኔሪዳ ዞርኩ። "ምን አለች?"

"ይሄን አልተረጉምልህም" አለች።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 30

ኔሪዳ ሙሉውን ፎቶ ከነጠርሙሱ፣ ከነሰዓቱ አወጣችው። ስድስት ሺህ ሰው አየው። የኔን ሁለት ሚሊዮን።

ድርጅቱ ፎቶውን ከድረ ገጹ አውርዶ ሁለት መስመር ይቅርታ ጻፈ፤ "ላልታሰበ ቅሬታ" ይላል። ጋቪን "ማን እንደሰጣት አልጠይቅህም" አለ። "ምክንያቱም አውቃለሁ። ማርች ላይ ጥሩ ነገር ይዘህ ና፣ እረሳዋለሁ።"

ሌይተን እናቱን ጠይቋታል አሉ። ዐሥር ደቂቃ ተቀምጦ ሄደ። ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ አልተናገረም።

ካኔተራዎቹ አሁንም ይሸጣሉ።


ቅዳሜ፣ ማርች 1

እሽቅድምድሙ እንደገና ተጀመረ። ጋቪን ሦስት ጊዜ ደወለ። "የወደቀ የለም?" ይላል። የለም እለዋለሁ። ስንት ነበረ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈረስ ሳነሳ ዋልኩ። ፈረስ ማንሳት አላውቅበትም፤ ግማሾቹ ጭንቅላት የላቸውም።

ከቢራው ድንኳን ጀርባ አንዲት ልጅ አየሁ። ብርማ ቀሚስ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሣሩ ላይ ተዘርፍጣ አንገቷን ደፍታለች። ብቻዋን። ድሮ ቢሆን...

ሄጄ ፊቷ ተንበረከክሁ።

"ስምሽ ማነው?"

"ምናገባህ?"

"ንገሪኝ ብቻ።"

"ኢሞጅን።" ምላሷ ይጎተታል። ግን አፏ ወይን ወይን ይላል።

"ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"ቅዳሜ ነዋ። አንተ ምን ሆነሃል?"

"ፈገግ በይልኝ።"

"ሰውዬ፣ ሂድ ከፊቴ።" ግን ሳታስበው ሳቋ መጣ። አየሁት። ሁለቱም ጎን እኩል ነው።

"ሁለቱንም እጅሽን ወደ ላይ አንሺ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እባክሽ።"

እንደ እብድ አየችኝ። ከዚያ ምን እንደታያት እንጃ፣ አነሳቻቸው። ቆጠርኩ፤ እስከ ዐሥር። አንዱም አልወረደም። ስካር ብቻ ነው።

አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ካሜራ ያየችው ያኔ ነው። በጥፊ አጮለችኝ። ጠባቂዎች መጥተው ትከሻዬን ይዘው አስወጡኝ። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ያነሳል።

ጉንጬ እስካሁን ይሞቀኛል። በቀኝ እጇ ነው የመታችኝ። ደህና እጅ ነው።