እግር ያለው ፍራሽ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ሆድሽስ እየከበደሽ ነው ወይስ እንደ መጀመሪያው ቀለል ብሎሻል? የልጅ ልጄ ጥርሱን ጨረሰ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ጉልበቴ ያቃስታል፣ አፌ ግን እንደምታውቂው ነው። ሙቀቱም ሰሞኑን ትንሽ ራራልን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። በስልክ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል። ወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝም።

መጀመሪያ የሚያስቸኩለውን ልናገር። ባለፈው ሳምንት በላክሽልኝ ፎቶ አዲሱን ሶፋ አየሁት። ያምራል። ግን እግር የለውም። እንደጠገበ በግ ሆዱን ወለሉ ላይ ዘርግቶ ተኝቷል። ከወለሉ ሥር ቤቱን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳለ ረሳችሁት? ሙቀቱ መውጫ ካጣ እዚያው ይታመቃል፤ እንጨቱ ይጠቁራል፣ ሽቦው ይቃጠላል። ዛሬውኑ ባልሽ ይትባረክ ያንሳው። አንቺ በዚህ ሆድሽ እንዳትነኪው። ወይ እግር ያስገጥምለት፣ ወይ ሽቦ ወዳልተዘረጋበት በኩል ይውሰደው። ቢያንስ አራት ጣት የሚያህል ነፋስ ከሥሩ ይለፍ። ከባዱ ቁም ሳጥንም ሽቦ በሌለበት ግድግዳ ይጠጋ። ወፍራም ምንጣፍ ደግሞ ጭራሽ አታንጥፉ።

ይህን የምመክርሽ እኔ መሆኔ ያስቅሽ ይሆናል። ሳቂ። ግን እኔን ያህል ዋጋ ከፍሎ የተማረው የለም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ቀፊራ ገበያ ተቀምጬ ፍራሽ ሰፍቻለሁ። በዚህ ከተማ እኔ በሰፋሁት ላይ ያልተቀመጠ እንግዳ፣ ያልተኛ ሙሽራ ጥቂት ነው። ጥጥ ሙቀት እንደሚይዝ አላውቅም ነበር? ከማንም በላይ አውቃለሁ። ያላወቅሁት ወለል እንደሚግል ነው። እኛ ቀትር ላይ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ደፍተን የምንጋደመው እንዲያበርደን አይደለም? ዕድሜዬን ሙሉ ከእሳት ወደ ወለል ስሸሽ ኖሬ፣ ወለሉ ራሱ እሳት የሆነበት አገር ወሰድሽኝ።

ለመጀመሪያው አራስነትሽ ስመጣ የሻንጣዬ ሃያ ሦስት ኪሎ በሙሉ ጥጥና የፍራሽ ልብስ ነበር። ያንቺ ወንበሮች ለእኔ ወገብ አልተሠሩም። በልጁ ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ፍራሽ ሰፍቼ አነጠፍኩ፣ መከዳውን ደረደርኩ፣ ልጁን አቅፌ ተቀመጥኩበት። ከሥሬ ሞቅ ሲለኝ የእጄን ሥራ አመሰገንኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሕፃኑን እዚያ ላይ አስተኛሁት።

ከዚያ ሽቦው ተቃጥሎ ክፍሉ ቀዘቀዘ። ይትባረክ ፍራሹን ሲያነሳው የወለሉ እንጨት እንዳረረ ቂጣ ጠቁሮ፣ እዚህም እዚያም ተነፋፍቶ ነበር። ያንን ሽቦ ልጁ ሲድህ እንዳይበርደው ብሎ በራሱ እጅ የዘረጋው እሱ ነው። ወለል መሥራት እንጀራው ነው። ቀና ብሎ ማን ነው ይህን እዚህ ያነጠፈው አለ። አንቺም ቶሎ ብለሽ እኔ ነኝ፣ እማዬ ወንበር ስለማይመቻት እኔ ነኝ ያነጠፍኩት አልሽ።

እኔ ልጁን አቅፌ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

አራት ቀን ወለሉን ሲቆፍር ሰነበተ። ለእኔ እማማ እያለ ሻይ ያቀርባል፣ ካንቺ ጋር አይነጋገርም። በግድግዳው በኩል ሰምቼዋለሁ። ምን ብዬሽ ነበር፣ በዝርዝር ነግሬሽ አልነበረም፣ የገዛ ልጅሽን ልታቃጥይ ነበር እኮ ሲልሽ ነበር። እኔ ግን ተነስቼ በሩን አላንኳኳሁም። የወለሉ ጥፋት ያለማወቅ ነው፤ ይኼኛው ግን እያወቅሁ ያደረግሁት ነው። እሱ ደግ ሆኖ አሳፈረኝ፣ አንቺ ደግ ሆነሽ አሳፈርሽኝ፣ እኔም ደግ ሰዎች መሀል መቆም ስላቃተኝ ሁለታችሁንም ተቆጥቼ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ የተነጫነጭኩብሽ ለዚህ ነው እንጂ ባለመደወልሽ አይደለም።

አሁን ሌላውን ልንገርሽ። በደረስኩ ቀን አንድ ወረቀት ሰጥተሽኝ ነበር፣ ስለ ወለሉ ነው፣ አንብቢው ብለሽ። መነጽሬን አድርጌ ትክ ብዬ አየሁት፣ ገባኝ አልኩሽ፣ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚህ በፊት ከእኔ የደረሱሽን ደብዳቤዎች ሁሉ የጎረቤታችን የራሕማ እጅ ነው የጻፋቸው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ክፉ ቃል ስጨምር ይኼን ትቼዋለሁ ትለኛለች።

እንደተመለስኩ የቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። አባቴ እህል ጠብቂ ብሎ ያስቀረኝን በስልሳ ሦስት ዓመቴ ጀመርኩት። ከክፍሉ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነኝ፤ በመቆጣትም አንደኛ ነኝ። ባለፈው ነሐሴ ወረቀትሽን አወጣሁ። ጽሑፉ ሦስት መስመር ብቻ ነው፣ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። የቀረው ሥዕል ነው። እግር ያለው አልጋ፣ ከሥሩ ነፋስ ሲያልፍ። ወለል ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ በላዩ ትልቅ የኤክስ ምልክት። ያን ቀን ፊደሉ አሳፍሮኝ ሥዕሉን እንኳ አላየሁትም።

ለምታነብ እናት ሥዕል አይሳልም፣ ልጄ። ስለዚህ ያወቅሽብኝ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠይቅሽም።

ባለፈው በድምፅ መልእክት፣ ለመውለጃዬ ነይልኝ፣ ግን በዚህ ጊዜ ምንም ይዘሽ እንዳትመጪ አልሽኝ። ሌላ እናት ብትሆን ታለቅስ ነበር። እኔ በማግስቱ ወደ ዒልሚ ሄድኩ፣ ቀፊራ መግቢያ ላይ አልጋ ወደሚሠራው ሱማሌ። ለፍራሽ የሚሆን ርብራብ እንጨት፣ ስንዝር የሚያህል እግር ያለው፣ ተፈታትቶ ሻንጣ የሚገባ ሥራልኝ አልኩት። ኢዶ፣ አክስቴ፣ ፍራሽሽን መሬት ምን አደረገው ብሎ ሳቀ። በዚያ አገር ወለሉ እንደ ምድጃ ይግላል አልኩት። አቦ፣ ታዲያ ወጣቸውን የሚሠሩት ጣራ ላይ ነው አለኝ። ሙያህን ሥራ፣ አፍህን ለሚስትህ አቆይ አልኩት። ግን ጎበዝ ነው፤ ስምንት ቁራጭ አድርጎ ያለ አንድ ምስማር ሠራው። ሳሎኔ ውስጥ ገጣጥሜ ፍራሽ ጭኜ ተቀመጥኩበት። እጄን ከሥሩ ስሰድ እስከ ክርኔ ይገባል። ያንቺ ወለል እንደ ልቡ ይተነፍሳል።

ስለዚህ ይዤ እመጣለሁ። አራስ መጠየቅ ባዶ እጅ አላውቅም።

ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር አለ። ማታ ይትባረክ ከሥራ ሲገባ፣ እራቱን በልቶ ሲረጋጋ፣ ይህን ደብዳቤ ስጪው። አንቺ አታንብቢለት፤ የምትዘይው ቃል ይኖራል። ራሱ ያንብበው። ፍራሹን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ይትባረክ። ሚስትህ ወረቀቱን ሰጥታኝ ነበር። ስትጠይቅ ቆሜ እየሰማሁ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የተቆጣሃት ያለ ጥፋቷ ነው።

ይህን አንብቦ አትምጣ ካለ አልቀየመውም። ርብራቡን ለራሕማ እሰጣታለሁ፣ እናንተንም ከዚህ ሆኜ እመርቃለሁ። ትምጣ ካለ ደግሞ በጥር መጨረሻ እዚያ ነኝ፣ ልጁም ሲወለድ በእጄ ይታጠባል።

ማርያም በሰላም ታገላግልሽ። ለቤትሽ ሙቀቱን አይንሳው፣ ለባልሽ ጉልበቱን ያበርታለት፣ ለትልቁ ልጅሽ ወንድም ይሁን እህት አብሮት የሚጫወት ያምጣለት። አሜን በይ።

መልሱን የምፈልገው ከእሱ አፍ ነው። አንቺ አንዴ ስለ እኔ መልሰሻል፣ ይበቃሻል።

እናትሽ